በሩ ይዘጋል ወይ?

ከቦንጋ መጣን፣ ለእሌኒ ምርቃት፤
አምስት ነን በቁጥር፣ ሻንጣችን ሦስት።
አማቴ ጋሽ ኪዳኔ፣ ባሌ አድማሱ፣ እኔ፣
ኪሩቤል ስድስቱ፣ ምዕራፍም ከጎኔ፤
አሥራ ሦስት ሞላት፣
የገዛ ጥላዋ ሲያያት የሚያሳፍራት፤
ጥቁር ፌስታል ይዛለች፣ ሻንጣ አትግባ ያለቻት።

ጅማ ሞልታለች፤ ጋውን፣ አበባ፣ ባጃጅ፤
«አልጋ አለ?» ይላል ሰው በየሆቴሉ ደጅ።
እኔ ግን አልጋውን ዞሬም ሳላየው፣
የመታጠቢያውን በር ነው የምዘጋው፣ የምከፍተው።

የመጀመሪያው ሆቴል፣ ሊፍቱ ይሠራል፤
ምንጣፉ እግር ይውጣል፣ አንሶላው ሎሚ ሎሚ ይላል፤
መታጠቢያው ግን ግድግዳው መስታወት!
ከአልጋ ላይ ጋደም ብሎ ሰው እንዲያይበት፣
ዓሣ እንደሚታይ በጠርሙስ ቤት።
«ዘመናዊ ነው» አለ አስተናጋጁ፣ ደረቱን ነፍቶ።
ጋሽ ኪዳኔ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ለቅሶ እንደ ገባ ሰው፤
መስታወቱን አዩት፣ ወለሉን አዩት፣ እኔን ግን አላዩኝም።
«ለሙሽራ ይሁን» አሉ ቆይተው።

ሁለተኛው መርካቶ አጠገብ፤ ዋጋው ጥሩ፣
ሽንት ቤቱ ግን ከማንጎው ዛፍ ጀርባ፣ ከግቢው ዳር ከጓሮው።
አማቴ በሌሊት አራት ጊዜ ይነሳሉ።
ጭቃ፣ ከዘራ፣ ጨለማ፤
ደመርኩት በልቤ፣ ወጣሁ በዝምታ።

ሦስተኛው በር አለው፣ ቁልፍ አለው፣ ሁሉ አለው፤
ግድግዳው ብቻ ጣሪያ ሳይደርስ የቀረ ነው።
ውስጥ ሆኖ ያስነጠሰ
ከአልጋ ላይ «ይማርህ» ይባላል።

አድማሱ ተናደደ፤ ባጃጁ ጥሩምባ ይነፋል፤
«አንቺ ሴት» አለኝ፣ «ለአንዲት ሌሊት?
የምንከራየው አልጋ ነው ወይስ ሽንት ቤት?»

ምን ልበለው? እሱ ያደገው ጫካ ዳር ነው፤
ዛፍ ሁሉ መጋረጃው፣ ቁጥቋጦ ሁሉ በሩ ነው።
እኛ ሰባት ነበርን፣ ክፍላችን አንዲት፤
እናቴ አንሶላ ዘርግታ፣ ክንዷን ምሰሶ አድርጋው፣
ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ
«ታጠቢ» ትለኝ ነበር፣ እጇ እስኪዝል ድረስ።
ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ ማለት ለኔ
ፊቱን ማዞር የሚያውቅ ሰው ነው።

ሂርማታ ገባ ብሎ አንድ አሮጌ ፔንሲዮን፤
ቀለሙ የተላጠ፣ ፍራሹ የሰመጠ፣
ሁለት ክፍል ጎን ለጎን።
«ስንት አልጋ?» አለች ባለቤቷ ዘይቱና።
«በሩ ይዘጋል ወይ?» አልኳት።
አልሳቀችም።
ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ገባች፣
መቀርቀሪያውን ከውስጥ ጣል አደረገችና
«አሁን ግፉት!» አለች።
ገፋሁት። አድማሱም ገፋው። ኪሩቤል በትከሻው።
ንቅንቅ አላለም።
ምዕራፍ ፌስታሏን ይዛ ከሁላችን ቀድማ ገባች።

ማታ፣ ማንም ሳያውጅ፣ አንድ ሕግ ወጣ፤
የገባ ሁሉ ቧንቧውን ይከፍታል፣
ውሃው ለሱ ያወራለታል።
እኩለ ሌሊት ላይ ውሃው ሄደ።

ከዘራው ኳ፣ ኳ። መቀርቀሪያው ቀጭ።
ቧንቧው አንዴ አቃሰተና ዝም።
ጋሽ ኪዳኔም ከበሩ ወዲያ ዝም።
እየጠበቁ ነው፤ ምን እንደሚጠብቁ አውቃለሁ።
ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዬ ሳብኩት፤
መተንፈስም ነውር መሰለኝ።

ያኔ የጅማ ሰማይ፣ ነፍሱ ይማርና፣
ቆርቆሮው ላይ መጣ፤
ጠብ ጠብ አላለም፣ ማስጠንቀቂያ የለው፣
አንድ ጊዜ ዘረገፈው።

ጠዋት ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ለፎቶ ተዘጋጅተው፣
«እንዴት አደራችሁ?» አሉን።
«እኔን ዝናቡ አላስተኛኝም።»
«እኔ እቴ» አልኳቸው፣ ዳቦ እየቆረስኩ፣
«ዘንቦ ነበር እንዴ?
ምንም አልሰማሁም።»